ፊት ዝም ሲል
ስለ ፓርኪንሰን ሕሙማን የፊት ገጽታ የቀረበ ዲስኩር



ሚያዝያ 3 ቀን በዓለም ዙሪያ የፓርኪንሰን ቀን ሆኖ ይታሰባል። ቀኑ የተመረጠው ሕመሙን በ1817 በጽሑፍ ያስተዋወቀው የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የተወለደበት ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁና ቅር አይበላችሁ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ እግር መጎተት፣ ስለ መድኃኒት መጥፋትና መወደድ ብዙ ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። እኔ ግን የተሰጠኝን ሰዓት በሙሉ ለፊት ላውለው ነው የመጣሁት። ሕመሙ ፊትን እንዴት እንደሚያስረው፣ የታሰረው ፊት በቤታችን ውስጥ ምን እንደሚያበላሽ፣ እስሩንም ለማላላት ከሕመምተኛውም ከእኛም ምን እንደሚጠበቅ እንነጋገራለን።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት እኛ ፊት አንባቢ ሕዝብ ስለሆንን ነው። እንግዳ ወደ ቤታችን ሲገባ ገበታው ላይ የቀረበውን ከማየቱ በፊት የአስተናጋጁን ፊት ያያል፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የምንለውም ለዚሁ ነው። «ፊት ነሳኝ» ያልነው ሰው ከዚያ ወዲያ ጮማ ቢያቀርብልን አይጥመንም። «ፊቷ አልፈታ አለ»፣ «ፊቱን አጠቆረብኝ»፣ «ሲያየኝ ገጹ ተለወጠ» እያልን ጎረቤት ከጎረቤት፣ አማት ከምራት ስንቀያየም ኖረናል። እንዲህ ባለ አገር ፊቱ አልታዘዝ ያለው ሰው የሚደርስበት ፍርድ ከባድ ነው። ፍርዱ ደግሞ ሳይጠየቅ፣ በሌለበት የሚሰጥ ነው።

አንድ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። የቤቱ አባት ፓርኪንሰን ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል፤ እጃቸው ብዙም ስለማይንቀጠቀጥ ከቤተሰቡ በቀር መታመማቸውን የሚያውቅ የለም። ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ ተላከ። አባትየው ጠያቂውን ወጣት ያውቁታል፣ ይወዱታል፣ ቀኑንም በጉጉት ነበር የጠበቁት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ገብተው ቆሙ፤ «ቁጭ በሉ» ሲባሉም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ዋናው ሽማግሌ ነገሩን በተረትና በምርቃት አሳምሮ ሲያቀርብ አባትየው ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ ከንፈራቸው ትንሽ ከፈት እንዳለ ትክ ብለው አዩት። ነግሮ ሲጨርስ ወዲያው አልመለሱም። ቆይተው፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እንኳ ተጠግቶ በሚሰማው ድምፅ «እናስብበታለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ። ይህ የማንኛውም አባት የመጀመሪያ ቀን መልስ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ቃሉን ትተው ፊቱን ይዘው ወጡ። «ሰውየው አልወደዱንም፤ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ያሰቡላት ሰው ሳይኖር አይቀርም» ብለው ለላኪዎቻቸው ተናገሩ። ነገሩ በሰው በሰው እየዞረ ልጅቱ ጆሮ ደረሰ፤ እሷም አባቷን አኮረፈች። እናትየው ገብተው እስኪያስረዱ ድረስ ሁለት ቤተሰብ ሲታመስ ሰነበተ።

እኒያ አባት በኋላ ሲያጫውቱኝ «ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ስስቅ ነው የዋልኩት» አሉኝ። ይህቺን ቃል አደራ ያዙልኝ። እውነታቸውን ነው። በውስጣቸው ስቀዋል፤ ፊታቸውም የሳቀ መስሏቸዋል።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? የፊታችንን ሥጋ የሚያዝዘው ነርቭ፣ ጡንቻውም ራሱ በፓርኪንሰን አይሞትም። ፊት ሽባ አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ፊት በድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ በተለይም ክንድ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። የፓርኪንሰን ፊት በዝግታ፣ በወራትና በዓመታት ነው ጸጥ የሚለው። ከአንጎል ግንድ ላይኛው ክፍል በቀለሙ ምክንያት «ጥቁሩ አካል» የሚባል ትንሽ ስፍራ አለ። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም ያመነጫሉ፤ ሕመሙ የሚገድለው እነሱን ነው። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኪየቪች የተባለ ተመራማሪ በፓርኪንሰን ታመው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ክፉኛ መመናመኑን አሳየ። ዛሬ ሕሙማን የሚውጡት ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት የዚያ ግኝት ልጅ ነው።

ዶፓሚን ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዳው ሳናስበው የምናደርገው እንቅስቃሴ ነው። ስንራመድ እጃችን ይወዛወዛል፤ ማንም አላዘዘውም። ዓይናችን በደቂቃ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ጊዜ ይርገበገባል፤ የሚቆጥረው የለም። የልጅ ልጅ ጥርሷ የወለቀ ቀን አፏን ከፍታ ስታሳየን ፈገግታችን ቀድሞን ይወጣል። እነዚህ ሁሉ በአንጎል ውስጥ በአንድ ዘርፍ የሚመሩ ናቸው፤ ፓርኪንሰን የሚመታውም ያንን ዘርፍ ነው። ፎቶ አንሺው «እስቲ ፈገግ በሉ» ሲል የምናመጣው ፈገግታ ግን በሌላ በኩል፣ በፈቃዳችን ትእዛዝ የሚመጣ ነው። ይኼኛው መስመር ከመጀመሪያው ይልቅ ተርፎ ይቆያል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ገና በ1862 የከንፈርን ጫፍ የሚስበው ጡንቻ ለፈቃዳችን እንደሚታዘዝ፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን ከልብ ደስታ ጋር ካልሆነ እሺ እንደማይል ጽፎ ነበር። በአንዳንድ የስትሮክ ሕሙማን ላይ ነገሩ ተገላብጦ ይታያል፤ «ሳቅ» ሲባሉ አፋቸው ይጣመማል፣ ቀልድ ሲሰሙ ግን ሁለቱም ጉንጭ እኩል ይነሳል። በፓርኪንሰን ቀልዱ ፊትን ሳያነቃንቅ ያልፋል፤ ትእዛዙ ግን ይሠራል። የሕክምናው በር ያለው እዚህ ጋ ነው። ራሱ ይመጣ የነበረውን ነገር አሁን አስበን፣ ፈቅደን፣ አዘን እናመጣዋለን።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ወደ እኒያ አባት ቃል ይመልሰናል። ፓርኪንሰን የመጠን ሚዛንን ያዛባል። ሕመምተኛው በሹክሹክታ እያወራ የሚጮህ ይመስለዋል። ጽሑፉ ጉንዳን አክሎ ሳለ እሱ በልኩ የጻፈ ይመስለዋል። ፈገግታውም ከንፈሩ ጫፍ ላይ ተንቀሳቅሶ ሲቀር ውስጡ ጥርሱ እስኪታይ የሳቀ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ «ለምን አትስቅም?» ብለን ስንቆጣው የምንናገረው አይገባውም፤ እሱ ስቋል። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ በየቀኑ ሕመምተኛውን በሐሰት ይከሳል።

ሐኪሞችም ከዚህ አናመልጥም። ሊንዳ ቲክል ዴግነን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ከካትሊን ላይንስ ጋር በ2004 ያሳተመችው ጥናት አለ። የጤና ባለሙያዎች የፓርኪንሰን ሕሙማንን በቪዲዮ እንዲያዩና ስለ ጠባያቸው ግምት እንዲሰጡ ተደረገ። ፊታቸው ይበልጥ የታሰረባቸውን ሰዎች ባለሙያዎቹ ከሆኑት በታች አሳንሰው ገመቷቸው። በሕመሙ ላይ ብዙ ልምድ ያላቸው እንኳ ፊቱ ማሳሳቱን እያወቁ ሙሉ በሙሉ ሊያርሙት አልቻሉም። ይህን ውጤት ለተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው እውቀት ብቻውን ዓይናችንን እንደማይገራው ስለሚያሳይ ነው። በያንዳንዱ ሕመምተኛ ፊት ቆም ብለን «ያየሁት ፊቱን ነው፤ ገና አልጠየቅሁትም» ማለት ይኖርብናል።

በየምርመራ ክፍሉ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አባት ከልጃቸው ጋር ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ ፊታቸውን አንድ ጊዜ አይቶ ወደ ልጅቱ ይዞራል። «ምን ይሰማቸዋል? ይበላሉ? እንቅልፍስ?» እያለ ይጠይቃታል። እሳቸው እዚያው ናቸው፤ ይሰማሉ፤ መልሱ በአፋቸው አለ። ግን ፊታቸው ያልገባው ሰው ፊት ስለሚመስል፣ ለመመለስም ጥቂት ሰከንድ ስለሚወስድባቸው፣ ተራቸው ያልፋቸዋል። ልጅቱም ከመውደዷ የተነሳ ትቀድማቸዋለች። አገር ያስተዳደሩ፣ ትውልድ ያስተማሩ ሰው ስለ ገዛ ሆዳቸው ሦስተኛ ወገን ሆነው ይወጣሉ። እባካችሁ ባልደረቦቼ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለሕመምተኛው አንሱ፤ ካነሳችሁ በኋላም ጠብቁ። ዝምታው ለእናንተ ረዥም ሊመስል ይችላል፤ መልሱ መንገድ ላይ ነው።

ስለ ድብርት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ድብርት በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ በብዛት የሚታይ፣ ከራሱ ከሕመሙ የሚመጣ፣ ሊታከምም የሚችል ነገር ነው። የታሰረ ፊት ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት ያሠራናል። ደስተኛውን ሰው አዝኗል ብለን አላስፈላጊ መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ ወይም «ይኼ የሕመሙ ፊት ነው» ብለን የእውነት በሐዘን የሚሰምጠውን እናልፈዋለን። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። መለያው መጠየቅ ብቻ ነው። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብ ይጥምዎታል? የልጅ ልጆችዎ ሲመጡ ውስጥዎ ደስ ይለዋል? መኖር የሚያስጠላዎት ጊዜ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች በፍቅር፣ ለብቻ፣ በቀጥታ ጠይቁ። መልሱ ካሳሰባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

አሁን ወደ ማላላቱ እንግባ። የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሌቮዶፓ ሲሠራ ፊትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይፈታል፤ ሲለቅ ፊትም ተመልሶ ይታሰራል። በቀን ውስጥ ፊቱ የሚበራበትንና የሚደበዝዝበትን ሰዓት የሚያውቀው አስታማሚ ነው። ያንን ሰዓት ጽፋችሁ ለነርቭ ሐኪሙ አሳዩት፤ መጠኑንና ሰዓቱን ለማስተካከል ከብዙ ምርመራ ይልቅ ይጠቅመዋል። በፕሮቲን የከበደ ምግብ ሌቮዶፓ ወደ ደምና ወደ አንጎል እንዳይገባ ስለሚሻማው በብዛት የሚመከረው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ነው። የማቅለሽለሽ ችግር ካለ ግን ይህንንም ከሐኪም ጋር ተመካከሩበት። እንግዳ የምትጠሩ ከሆነ፣ ክርስትና ወይም ኒካህ ያለ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት እንዲሆን አድርጉት። ሰውየው በራሱ ፊት እንግዳ እንዲቀበል ዕድል ስጡት።

ከመድኃኒት ሳንወጣ፣ ፊትን የሚያስሩ መድኃኒቶችም አሉ። ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚዘጉ ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው እንኳ ፓርኪንሰን ያለበት ያስመስሉታል፤ ያለበትንም ያብሱታል። ማስመለስ በየጤና ጣቢያው የሚታከም ነገር ስለሆነ ይህ ስሕተት በቀላሉ ይፈጸማል። የትም ክሊኒክ ስትገቡ «ፓርኪንሰን አለባቸው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የያዛችሁትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ቀጥሎ ልምምድ። ብዙ የምቆይበት እዚህ ነው፤ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሁላችሁም ቤት ሊደረግ የሚችል ነውና። ሕጉ አንድ ነው፤ አስቦ፣ አግንኖ፣ ቀስ ብሎ። ከመስታወት ፊት ተቀመጡ። ቅንድባችሁን «እንዴ!» እንደምትሉ ወደ ላይ አንሱ፣ እስከ አምስት እየቆጠራችሁ ያዙ፣ ልቀቁ። ግንባራችሁን ቋጥሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጭምቅ አድርጉ፣ ከዚያ አፍጥጡ። አፍንጫችሁን የሸተተው ሰው እንደሚያደርግ ሸብሽቡ። ጉንጫችሁን በአየር ነፍታችሁ አየሩን ከቀኝ ወደ ግራ አዙሩት። ጥርሳችሁ እስኪታይ ፈገግ በሉ፤ የተጋነነ እስኪመስላችሁ። የሚዛኑን ነገር አስታውሱ፤ «ኧረ አበዛሁት፣ ሰው ይስቅብኛል» የሚያሰኛችሁ ፈገግታ ለሚያየው ሰው ልከኛ ፈገግታ ነው። ካላመናችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና እዩት። ብዙዎች ቪዲዮውን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ «ይኼ ነው ፊቴ?» ይላሉ። ድንጋጤው ከባድ ስለሆነ ብቻቸውን እንዳያዩት አብራችሁ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑን ማስተካከል የሚጀምሩት ያንን ያዩ ሰዎች ናቸው።

እኛ ደግሞ በእጃችን ያለ መሣሪያ አለን። ፊደላችን። በን ይዘን እስከ ሳብዕ እንውረድ። በ፤ ከንፈር ግጥም ብሎ ይለቀቃል። ቡ፤ ከንፈር ይሞጠሙጣል። ቢ፤ ወደ ሁለቱም ጆሮ ይለጠጣል፣ ጉንጭ ይነሳል። ባ፤ አገጭ ወርዶ አፍ ወለል ይላል። ቤ፤ ግማሽ ፈገግታ ነው። ብ፤ ያሳርፋል። ቦ፤ አፍ ክብ ይሠራል። ሰባቱ ድምፆች አፍንና ጉንጭን በየአቅጣጫው ወስደው ይመልሱታል። በን የመረጥኩት እያንዳንዱ ድምፅ ከንፈርን በመግጠም ስለሚጀምር ነው፤ ፓርኪንሰን ሲጠና ከንፈር ክፍቱን እየቀረ ምራቅ ያዝረከርካል፣ መግጠሙም ይጠቅማል። መ እና ጰ እንዲሁ ያገለግላሉ። ጰን በኃይል ማፈንዳት ጥሩ ልምምድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባቶቻችን ፊደልን በዜማ በአንድ ትንፋሽ ያወርዱታል፤ በቃላቸው ስለሚያውቁት ሳያስቡት ይወጣል። ሳይታሰብ የሚወጣው ደግሞ ፓርኪንሰን የሚያሳንሰው ነው። ፊደሉ እየፈጠነ፣ አፉ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በመካከሉ ቆም እየተባለ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል እንደ አዲስ እየታሰበ ይሁን። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ ወይም በመፋቂያ ጥርስ ሲፋቅ ቢያያዝ አይረሳም።

ድምፅንና ፊትን የሚለይ አጥር የለም፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይነቃል። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሎሬን ራሚግና ባልደረቦቿ የጀመሩት የድምፅ ሕክምና አለ፤ ሊ ሲልቨርማን በተባለች የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ስም ይጠራል። በሳምንት አራት ቀን፣ ለአራት ሳምንት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕመምተኛው እንዲያስብ የሚታዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ። በ2003 የታተመ ትንሽ ጥናት ይህን የወሰዱ ሰዎች ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ፊታቸውም ይበልጥ መናገር መጀመሩን አሳይቷል። በአገራችን የስፒች ቴራፒ ባለሙያ ገና ጥቂት ነው። ባለሙያ እስኪገኝ ግን ዳዊት የሚደግም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገም፤ ቁርአን የሚቀራ ድምፁን አውጥቶ ይቅራ፤ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የድሮ ዘፈን፣ ጋዜጣ፣ የሚወደው ሁሉ ይሁን። ልጆች ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ተቀምጠው «ይሰማኛል፣ አይሰማኝም» ይበሉት። ለልጅም ጨዋታ፣ ለአያትም ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡጢኛው መሐመድ አሊ ላንሳ። ቡጢውን ያላየ ሰው እንኳ ፊቱን ያውቃል፤ የሚፎክር፣ የሚያፈጥ፣ የሚቀልድ፣ ጋዜጠኛ የሚያሸብር ፊት ነበር። ፓርኪንሰን እንዳለበት በ1984 ታወቀ። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክን ችቦ ሲለኩስ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ ፊቱ ጸጥ ብሎ ዓለም አየው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሐቫና ሄዶ ከፊደል ካስትሮ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር። አሊ ታዲያ ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ በመዳፉ ውስጥ አጠፋው። አርቴፊሻል አውራ ጣት ውስጥ የሚደብቅበት የድሮ ዘዴው ነበር። የአሊ ጨዋታ ወዳድነት አልጠፋም፤ በፊቱና በምላሱ ይወጣ የነበረው በእጁ መውጣት ጀመረ። ይህን ታሪክ የምወደው ሕክምና ሁሉ ፊትን ወደ ድሮው መመለስ ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያስተምረኝ ነው። ፊት ሲያቅተው ሌላ መውጫ ይፈለግለታል።

የእኛ ሰው መውጫ ሞልቶታል። አማርኛ ተናጋሪ ሲያዳምጥ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» ይላል፤ «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው፣ የፊት ጡንቻ አይፈልግም። «እሰይ»፣ «ውይ»፣ «ጉድ እኮ ነው»፣ «ይበል»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ማሻአላህ»፤ እነዚህ ፊት የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩ ቃላት ናቸው። ሕሙማን ወገኖቼ፣ ደስ ሲላችሁ ደስ አለኝ በሉ። እንግዳው ሲገባ «ፊቴን አትይው፣ በሽታው ነው፤ በመምጣትሽ ልቤ ሞልቷል» ማለትን ልመዱት። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ወንዶች አባቶቻችን በተለይ ስሜትን በቃል መናገር አልለመዱም። ግን አንድ ጊዜ የተነገረች ይህች ዓረፍተ ነገር ያንን የሽምግልና ቤት ከሳምንታት ጭንቀት ታድነው ነበር። እጅ መጨበጥ ሲሆን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ትከሻ የሚታዘዝላችሁ ደስታችሁን በእስክስታ አሳዩ፤ በቡድን መጨፈር ለሚዛንም ለመንፈስም ይጠቅማል።

ለቤተሰብ የምለው ከዚህ ይበልጣል፤ ሕመምተኛው ከሚለማመደው እኩል እናንተም መለማመድ አለባችሁና። አባባ እንዲስቁ ስትጠብቁ እናንተ መሳቃችሁን አታቁሙ። ይህ በብዙ ቤት ሳይታወቅ የሚሆን ነገር ነው። ፊቱ ከማይመልስ ሰው ጋር ስንነጋገር የእኛም ፊት ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ቀልዱን እናቆማለን፤ ጨዋታው ወደ «መድኃኒት ወሰዱ? ሽንት ቤት ሄዱ?» ይወርዳል። ልጆችም «አያቴ ይቆጡኛል» ብለው ይርቃሉ። ሕፃናትን በግልጽ ንገሯቸው፤ «አያትሽ ይወዱሻል፣ ፊታቸው ታሞ ነው፤ ደስ ማለታቸውን በእጃቸው እይው» በሏቸው። ልጆች ከእኛ በፍጥነት ይገባቸዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ አያቷ ደስ ሲላቸው አውራ ጣታቸው ጋቢያቸውን እንደሚያሻሽ ደርሳበት ለቤቱ ሁሉ አስተርጓሚ ሆና አይቻለሁ። «አሁን ስቀዋል» ትላለች። አያትየውም «አዎ» ይላሉ።

ዓይንንም አትርሱ። የማይርገበገብ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ያጭበረብራል፤ እንባ የሚተኩ ጠብታዎች በፋርማሲ አሉ። ለሚያየው ሰው ደግሞ ያፈጠጠ፣ የተቆጣ፣ ይባስ ብሎም ዓይኑ የሚያስፈራ ሰው ይመስላል። በዚህ የተነሳ ጎረቤት ልጁን የሚሸሽግበት ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ይህ ጭካኔ ነው፤ ከድንቁርና የመጣ ቢሆንም ጭካኔነቱ አይቀርም። የእድርና የማኅበር መሪዎች የሆናችሁ በስብሰባችሁ ላይ አምስት ደቂቃ ሰጥታችሁ ስለዚህ ሕመም ብትናገሩ ብዙ ቤት ይተርፋል። በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ ሕሙማንና ቤተሰብ እየተገናኙ የሚመካከሩበት ነው። ብቻችሁን ከምትታገሉ ሂዱና ተቀላቀሉ፤ እንደናንተ ፊታቸው ዝም ባለ ሰዎች መካከል መቀመጥ በራሱ ያሳርፋል፣ እዚያ ማንም በማንም ላይ ፊቱን አይቶ አይፈርድምና።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ በ2019 ከስምንት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ዕድሜ እየረዘመ ሲሄድ ቁጥሩም እየጨመረ ይሄዳል፤ በእኛም አገር እንዲሁ።

የቀረን ሰዓት ለጥያቄ ነው። አስተባባሪዎች፣ ማይኩን መጀመሪያ ወደ ፊተኛው ረድፍ፣ ወደ ሕሙማኑ ውሰዱልን፤ ለአፋቸውም ቅርብ አድርጋችሁ ያዙላቸው። አንድ ሰው እጁን አንስቶ ዝም ቢል አትንጠቁት፤ ቃሉን እያዘጋጀ ነው፣ እንጠብቀዋለን። አስታማሚዎች፣ ለዛሬ ለእነሱ አትመልሱላቸው። እሺ፣ እዚያ ጋ እጃቸውን ያነሱ እናት አሉ፤ ማይኩን ለእሳቸው።